ውሃው በስንት ዲግሪ ፈላ? ስለ ቤተ ሙከራ ዘገባ አጻጻፍ



በጥናት ሰዓታችን ታናናሾቻችን ይዘዋቸው ከሚመጡት የትምህርት ቤት ሥራዎች አንዱ የቤተ ሙከራ ዘገባ፣ ሁላችንም እንደለመድነው «ላብ ሪፖርት» የምንለው ነው። ሒሳቡን በደንብ የሚሠራ፣ ፈተናም የማይፈራ ተማሪ እንኳ ይህን ዘገባ ለመጻፍ ሲቀመጥ ይጨነቃል። ስለዚህ በዚህ እትም ስለ አጻጻፉ፣ በተለይም ደጋግመው ስለሚታዩት ስሕተቶች ጥቂት ለማለት ወደድን። ጽሑፉ የታሰበው ለዘጠነኛና ለዐሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ቢሆንም ከዚያ በላይ ያሉትም ቢያነቡት አይጎዳቸውም።

ስሕተቶቹ ብዙ ዓይነት ናቸው። የፊደል ግድፈት አለ፤ መስመር ያልተሠመረለት ሰንጠረዥ አለ፤ ስም ያልተጻፈበት ወረቀትም አለ። እነዚህን መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ አክብበው ይመልሷቸዋል፤ በሚቀጥለው ጊዜም ይታረማሉ። ከሁሉ የሚከፋው ግን ስሕተት የማይመስለው ስሕተት ነው። ይኸውም ተማሪው በመሣሪያው ላይ ያየውን ቁጥር ትቶ በመጽሐፍ ያነበበውን ቁጥር ሲጽፍ ነው።

ለዚህ በጣም ቅርብ የሆነው ምሳሌ የውሃ መፍላት ነው። ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል ቢባል የአምስተኛ ክፍል ልጅ እንኳ «በመቶ ዲግሪ ሴንቲግሬድ» ብሎ ይመልሳል። እንግዲህ በቦሌ፣ በገርጂ፣ በመገናኛ ወይም በኮተቤ በሚገኝ ትምህርት ቤት ተማሪዎች በቢከር ውሃ ጨምረው፣ ቴርሞሜትር ሰቅለው፣ እሳት ለኩሰው ያፈላሉ። ውሃው ይንተከተካል። ቴርሞሜትሩ ግን 92 ወይም 93 ላይ ሲደርስ ቆሞ አልነቃነቅ ይላል። አምስት ደቂቃ ቢጠብቁ ያው ነው፤ እሳቱን ቢጨምሩም ያው ነው። በመጨረሻ ዘገባው ሲጻፍ ምን ተብሎ ይጻፋል? «ውሃው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ፈላ።» እንዲህ ብሎ የጻፈ ተማሪ ወይ ቴርሞሜትሩን አላየም፣ ወይ አይቶ አላመነውም።

ቴርሞሜትሩ ግን አልዋሸም። ውሃ የሚፈላው ከውስጡ የሚነሣው እንፋሎት ከላይ የሚጫነውን የአየር ግፊት መቋቋም ሲችል ነው። መቶ ዲግሪ የተባለው በባሕር ጠለል ላይ ላለው ግፊት ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል፤ እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። የሚጫነው አየር ስለ ሳሳ ውሃው ቀደም ብሎ ይፈላል። በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ዲግሪ ይቀነሳል ቢባል ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። በዚህ ስሌት 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው በድሬዳዋ ውሃ በ96 ዲግሪ አካባቢ፣ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው በባሕር ዳር በ94 አካባቢ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በእንጦጦ ራስ ላይ ደግሞ በ90 ገደማ ይፈላል ማለት ነው። በአዲስ አበባ ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል ብዙ ሰዓት የሚፈጁበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ የእኛ የፈላ ውሃ የቆላውን የፈላ ውሃ ያህል ትኩስ አይደለም። እናቶቻችን ይህን በሥራ ያውቁታል፤ ቁጥሩን ባይጽፉትም ባቄላውን ከማታው ይዘፈዝፉታል።

እንግዲህ 92.5 የሚለውን አጥፍቶ 100 የጻፈ ተማሪ ከሙከራው ሊያገኝ የሚችለውን ብቸኛ አዲስ ነገር አጥፍቷል። በመጽሐፉ መቶ እንደሚል ለማወቅ እሳት ማንደድ አያስፈልገውም ነበር።

ቁጥርን እንዳዩት መጻፍ የትምህርት ቤት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። በላያችን ቀንና ሌሊት የሚያልፉት አውሮፕላኖችም ይኸው የሳሳ አየር ይመለከታቸዋል። አየሩ ሲሳሳ ክንፉን ወደ ላይ የሚያነሣው ኃይል ስለሚቀንስ አውሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊት በይበልጥ መሮጥ አለበት፤ የቦሌ ማኮብኮቢያ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ መርዘሙም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። አብራሪው ከፍታውን የሚያነብበት የተለመደው መሣሪያም የሚለካው የአየር ግፊትን ነው። በጥገና ክፍል የሚሠራ ሰው የጎማ ግፊት ለክቶ በመዝገብ ሲያሰፍር የሚጽፈው መለኪያው ያሳየውን ነው፤ ከሥሩም ይፈርምበታል። መጽሐፉ «መሆን አለበት» የሚለውንማ ሁሉም ያውቀዋል። እዚያ ገብተው ለመሥራት የሚመኙ ብዙ ወንድሞችና እኅቶች በመካከላችን ስላሉ ነው ይህን ማንሣታችን።

ሁለተኛው ምሳሌ የፔንዱለም ሙከራ ነው። አንድ ሜትር ርዝመት ባለው ክር ላይ ትንሽ ብረት ተንጠልጥሎ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፤ ተማሪው 20 ሙሉ ምልልስ የፈጀውን ጊዜ ለክቶ የመሬት ስበትን፣ ማለት በተለምዶ «ጂ» የምንለውን ያሰላል። መጽሐፉ 9.8 ይላል፤ በአዲስ አበባ ከዚያ ጥቂት ያንሳል፣ 9.78 ገደማ ነው። ሥራው በጥንቃቄ ከተሠራ 20ው ምልልስ 40.2 ሴኮንድ ያህል ይፈጃል። አንዱ ምልልስ 2.01 ሴኮንድ መሆኑ ነው፤ ከዚህም 9.77 ይወጣል።

አሁን አንድ ተማሪ ብረቱን ሲለቅቅ «አንድ» ብሎ መቁጠር ጀመረ እንበል። መባል የነበረበት «ዜሮ» ነው። እርሱ «ሃያ» ሲል ብረቱ የተመላለሰው 19 ጊዜ ብቻ ስለሆነ ሰዓቱ 38.2 ሴኮንድ ያሳያል። ይህን ለ20 ሲያካፍል 1.91 ያገኛል፤ ስበቱም 10.8 ይሆንበታል። ተማሪው ይደነግጣል። ጓደኛው «9.8 መሆን አለበት እኮ» ይለዋል። ከዚያ በኋላ ከመልሱ ተነሥቶ ወደ ኋላ እያሰላ ጊዜውን 40.1 ብሎ «ያስተካክለዋል»። ዘገባው አሁን ያማረ ነው፤ ሙሉ ማርክም ያገኝ ይሆናል። ነገር ግን 10.8ን እንዳለ ቢተወው ኖሮ መምህሩ ገና ሲያዩት «ስንት ብለህ ነው መቁጠር የጀመርከው?» ብለው ሊጠይቁት ይችሉ ነበር። የዚህ ዓይነቱ የአቆጣጠር ስሕተት ውጤቱን ሁልጊዜ ወደ ላይ፣ ያውም በአንድ ገደማ ስለሚገፋው ልምድ ያለው ሰው መልኩን ያውቀዋል። ቁጥሩ ስለ ተስተካከለ አቆጣጠሩ ሳይታረም ቀረ። በሚቀጥለው ዓመትም «አንድ» ብሎ ይጀምራል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ልማድ አለ። በዘገባው መጨረሻ «የስሕተት ምንጮች» በሚለው ርእስ ሥር ብዙዎች «የሰው ስሕተትና የመሣሪያ ስሕተት» ብለው ያልፋሉ። ይህ ሐኪም ዘንድ ሄዶ «አሞኛል» ብቻ ብሎ ዝም እንደ ማለት ነው። ሐኪሙ የት እንደሆነና መቼ እንደ ጀመረ ካልተነገረው ምን ያደርጋል? የቴርሞሜትሩ ጫፍ የቢከሩን ግርጌ ነክቶ ነበርን? ከነካ ከውሃው ይልቅ እሳቱ ያጋለውን ብርጭቆ ስለሚለካ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ያነበበው ልጅ ዓይኑ ከፈሳሹ ጫፍ ጋር ትክክል ነበርን ወይስ ቆሞ ከላይ ነው ያየው? ስቶፕ ዎች የያዘው ልጅስ? ዓይን ያየውን ጣት እስክትሠራው የሴኮንድ ሁለት ዐሥረኛ ያህል ትዘገያለች። ሲያስነሣም ሲያቆምም ቢሳሳት ልዩነቱ እስከ 0.4 ሴኮንድ ሊደርስ ይችላል። በፔንዱለሙ ምሳሌ 40.2 የነበረው 40.6 ቢሆን ስበቱ ከ9.77 ወደ 9.58 ይወርዳል። ስለዚህ «ስቶፕ ዎቹ በሚነሣበትና በሚቆምበት ጊዜ እስከ 0.4 ሴኮንድ ልዩነት ሊፈጠር ስለሚችል ውጤቱ እስከ 0.2 ሊዛባ ይችላል» ብሎ የጻፈ ተማሪ የሠራውን ያውቃል ይባላል። አንድ ምልልስ ብቻ ከመለካት ፈንታ 20 የሚቆጠረውም ለዚሁ ነው፤ ያው 0.4 ሴኮንድ በሁለት ሴኮንድ ላይ ቢያርፍ ልኬቱ ከንቱ ይሆን ነበር።

ያዩትንና ያሰቡትን መቀላቀልም እጅግ የተለመደ ነው። በኬሚስትሪ ትምህርት በሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ላይ ጥቁሩ የማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ዱቄት ሲጨመር ተማሪው «የታየው ነገር» በሚለው ሥር «ኦክስጅን ወጣ» ብሎ ይጽፋል። ኦክስጅንን ማን አየው? ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። የታየው አረፋ ነው። የታየው ነበልባሉ ጠፍቶ ፍሙ ብቻ የቀረ ስንጥር ወደ ቱቦው አፍ ሲገባ እንደገና ቦግ ብሎ መንደዱ ነው። ኦክስጅን መሆኑ ከዚህ ተነሥቶ የተደረሰበት ሐሳብ ስለሆነ ቦታው መደምደሚያው ውስጥ ነው። እንደዚሁም «ጥርት ያለ» እና «ቀለም የሌለው» አንድ አይደሉም። የመዳብ ሰልፌት በውሃ ሲሟሟ ሰማያዊ ነው፤ ነገር ግን ወዲያ ማዶውን አሻግሮ ስለሚያሳይ ጥርት ያለ ነው። አንዱን ቃል ለሌላው የሚጽፍ ተማሪ መምህሩን ያሳስታል።

ይህን ልዩነት በሥራ ያሳዩ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት አሉን። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዓድዋ ስለ ቢልሃርዝያ በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ፣ ከማጠቢያው ዝቅ ብሎ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቀንድ አውጣው የበሽታው ተውሳክ ወደ ሰው ከመተላለፉ በፊት የሚያድርበት ነው። የታየው እንግዲህ ይህ ብቻ ነበር፤ ታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች፣ ላይ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች። «እንዶዱ ነው የገደላቸው» የሚለው ገና ግምት ነው። ስለዚህ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች በዕቃ ተደርገው የእንዶድ አረፋ ተጨመረባቸው፤ ሞቱ። የብዙ ዓመታት ምርምር የተከተለው ከዚህ በኋላ ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። እንዶድ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የልብስ ማጠቢያ ነው፤ በእንደዚያ ያለ ወንዝ ዳር ያለፈ ሰውም ስንት ነው።

አሁን ወደ ቋንቋው እንምጣ። መመሪያው «ውሃውን አሙቅ፣ ቴርሞሜትሩን አስገባ» ብሎ ያዝዛል፤ ተማሪው ደግሞ ትእዛዙን እንዳለ ይገለብጠዋል። ዘገባ ግን የተደረገ ነገር ታሪክ ነው። መመሪያው 100 ሚሊ ሊትር ብሎ፣ የተገኘው ቢከር ትንሽ በመሆኑ 80 ብቻ ተጨምሮ ከሆነ መጻፍ ያለበት 80 ነው። ትእዛዝ የገለበጠ ሰው ይህን የሚያስገባበት ቦታ አያገኝም። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ዘገባውም የሚጻፈው በዚያው ነው፤ እንግዲያው ግሡ ያለፈ ጊዜ ይሁን፣ «ሂት» የሚለው «ወዝ ሂትድ» ይሁን። እንግሊዝኛው ያስቸገረው ተማሪ የሠራውን መጀመሪያ በአማርኛ ወይም በቤቱ በሚናገረው ቋንቋ፣ ለታናሽ ወንድሙ እንደሚነግር አድርጎ ይጻፈው፤ ከዚያ ይተርጉመው። አጭር ዐረፍተ ነገር አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ከመጽሐፍ የተወሰደ፣ ጸሐፊው ራሱ ቢጠየቅ የማያስረዳው ረጅም ዐረፍተ ነገር ነው።

በእኛ አገር የሚያጋጥም አንድ ችግር ደግሞ አለ፤ እርሱም የሰዓትና የቀን አጻጻፍ ነው። አንድ ተማሪ በኅዳር ወር የአየሩን ሙቀት በጥላ ሥር ለክቶ «2:00፣ 11 ዲግሪ፤ 8:00፣ 23 ዲግሪ» ብሎ ጻፈ እንበል። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓትና ከቀኑ ስምንት ሰዓት ማለቱ ነው፤ ነገሩም ትክክል ነው። በእንግሊዝኛ በተጻፈ ዘገባ ውስጥ ግን በፈረንጅ ሰዓት የሚያነብ ሰው 8ን ጠዋት፣ 2ን ከቀትር በኋላ አድርጎ ስለሚወስደው አዲስ አበባ ጠዋት ሞቃ ከቀትር በኋላ የምትበርድ ከተማ ትሆንበታለች። ዓመተ ምሕረቱም እንዲሁ ነው፤ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አለ። የትኛውንም መጠቀም ይቻላል፤ የትኛው እንደሆነ በመጀመሪያው ገጽ ላይ አንድ ጊዜ መጻፍ ብቻ ነው።

ጥቃቅኖቹን በፍጥነት እንለፋቸው። መለኪያው ያልተጻፈለት ቁጥር ምንም አይናገርም፤ «25» ግራም ይሁን ሚሊ ሊትር ማን ያውቃል? ካልኩሌተር የሚያሳየውን ሁሉ መገልበጥም አያስፈልግም፤ ስቶፕ ዎቹ የሚያሳየው እስከ ዐሥረኛ ከሆነ «2.0166667 ሴኮንድ» ብሎ መጻፍ መሣሪያው ያልሰጠውን እንደ ሰጠ ማስመሰል ነው፤ 2.02 ይበቃል። ቁጥሩ በሚለካበት ቅጽበት በእስክሪብቶ፣ በደብተር ላይ ይጻፍ፤ በቁራጭ ወረቀት አይሁን። የተሳሳተ ቢኖር በአንድ መስመር ተሠርዞ አዲሱ በጎኑ ይጻፍ እንጂ በላጲስ አይፋቅ፤ የተሠረዘው ቁጥር በኋላ ትክክል ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

በቴሌግራም የሚዘዋወሩትን ያለፈው ዓመት ዘገባዎች ሳናነሣ አናልፍም። አምስት ተማሪዎች በአምስት የተለያዩ ክሮች ለክተው አምስቱም 40.17 ሴኮንድ ካገኙ መምህሩ ማንበቡን ሊያቆሙ ይችላሉ። የእጅ ልኬት እንዲያ አይገጣጠምም።

ሙከራው ጨርሶ ያልተሠራ እንደሆነስ? ዕቃው ስለማይሟላ ወይም ክፍሉ ስለሚጨናነቅ መምህሩ በሰሌዳ ላይ ብቻ የሚያስረዱበት ትምህርት ቤት ብዙ ነው፤ ዘገባው ግን ይፈለጋል። ይህ የተማሪው ጥፋት አይደለም። ጥፋት የሚሆነው «ቢከር ወስደን ውሃ አፈላን» ብሎ ያልሆነውን ሲጽፍ ነው። «ሙከራውን መምህራችን ሠርተው አሳዩን» ወይም «ቁጥሮቹ ከመማሪያ መጽሐፉ ሰንጠረዥ የተወሰዱ ናቸው» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ስሌቱን በደንብ መሥራት ነው። ደግሞ ፔንዱለም ክርና ጠጠር ብቻ ይፈልጋል። ሰዓቱ በስልክ ላይ አለ፤ የክሩን ርዝመት ከመስቀያው እስከ ጠጠሩ መካከል መለካት እንጂ ሌላ ወጪ የለበትም። በበር መቃን ላይ አንጠልጥሎ በአንድ ከሰዓት በኋላ መጨረስ ይቻላል።

«መቶ ካልጻፍን መምህሩ ማርክ ቢቀንሱስ?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ እንዲህ የሚያርሙም አሉና። ለአንድ ሁለት ማርክ ብሎ የሚጨነቅ ተማሪ ላይ መፍረድ አይገባም፤ ውጤቱ ወደፊት የት እንደሚያደርሰው እርሱ ያውቃል። ነገር ግን ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱን የግድ ምረጥ ያለው ማንም የለም። ሁለቱንም ጎን ለጎን ጽፎ ልዩነቱ ከየት እንደ መጣ ማስረዳት ይቻላል፤ እንዲህ ተደርጎ የቀረበ ዘገባ ላይ ማርክ ለመቀነስ የሚነሣ እጅ ቢያንስ ጥቂት ያመነታል። በቦሌ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት ውሃ ያፈላ ተማሪ የውይይቱን ክፍል እንዲህ አድርጎ ሊጽፈው ይችላል፦

«የመፍላቱ ሙቀት ሦስት ጊዜ ተለክቶ 92.5፣ 92.5 እና 93.0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተገኘ፤ አማካዩ 92.7 ነው። የመማሪያ መጽሐፉ 100 ዲግሪ ይላል፤ ይህ ግን በባሕር ጠለል ላይ ነው። ትምህርት ቤታችን 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፣ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ቢቀነስ የሚጠበቀው 92.3 ዲግሪ ያህል ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ልኬቶች የቴርሞሜትሩ ጫፍ ከቢከሩ ግርጌ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነበር። በሦስተኛው ጊዜ ግን ማሰሪያው ላልቶ ስለ ነበር ጫፉ ግርጌውን ሳይነካ አልቀረም።»